የሞተርሳይክል ሱስፔንሽን ማስተካከል

የሞተርሳይክል ሱስፔንሽን ማስተካከል ማለት የፊትና የኋላ ሾኮችን ከነጂው ክብደት፣ ከጭነቱና ከመንገዱ ዓይነት ጋር ማስማማት ነው። ዓላማው ምቾት ብቻ አይደለም። ጎማ ከመሬት ተነስቶ አየር ላይ በሚሆንበት ቅጽበት በዚያ ጎማ ፍሬን መያዝም ሆነ መታጠፍ አይቻልም። ስለዚህ በኮረኮንችና በፒስታ መንገድ ላይ የሱስፔንሽን ዋና ሥራ ጎማው ከመሬት ጋር እንደተገናኘ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

አሠራሩ

ሱስፔንሽን የተለያየ ሥራ ያላቸው ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ሞላ ነው። ሞላው ክብደቱን ይሸከማል፤ ጎማው ጉብታ ሲመታ ደግሞ ተጨምቆ ጉልበቱን ያጠራቅማል። ሞላ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያጠራቀመውን ጉልበት መልሶ ስለሚሰጥ ሞተርሳይክሉ ደጋግሞ ይዘል ነበር። ይህን የሚያረግበው ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም ሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ፒስተኑ ሲንቀሳቀስ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ለማለፍ ይገደዳል፤ የእንቅስቃሴውም ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ረጅም የኮረኮንች ጉዞ ከተደረገ በኋላ የኋላ ሾክ ሲነካ የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የሞላው ኃይል የሚወሰነው ምን ያህል እንደተጨመቀ ሲሆን፣ የዘይቱ ተቃውሞ የሚወሰነው ግን ፒስተኑ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ ነው። ሁለቱን መለየት ለማስተካከል ሥራ መሠረት ነው። ሞተርሳይክሉ ቆሞ ሳለ ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ ጉዳዩ የሞላ ነው። ጉብታ ካለፈ በኋላ መዝለሉን ካላቆመ ግን ጉዳዩ የዘይት ነው።

ታሪክ

በሃይድሮሊክ ዘይት የሚረግብ ቴሌስኮፒክ የፊት ሾክ ለገበያ በተመረቱ ሞተርሳይክሎች ላይ የታየው በ1935 እ.ኤ.አ. በጀርመኖቹ ቢኤምደብልዩ አር12 እና አር17 ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስዊድናዊው ሃካን አንደርሶን የኋላ ሾኩ አንድ ብቻ በሆነ የያማሃ ሞተርሳይክል የዓለም ሞቶክሮስ ሻምፒዮናን በ250 ሲሲ ምድብ አሸነፈ። የዚህ ሾክ ሐሳብ የቤልጂየማዊው መሐንዲስ የሉሲየን ቲልከንስ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ የኋላ ሾክ በአስቸጋሪ መንገድ ሞተርሳይክሎች ላይ እየተለመደ መጣ።

ከማስተካከል በፊት የሚደረግ ምርመራ

ያረጀ ወይም የተበላሸ ሾክ በማስተካከል አይድንም። በመጀመሪያ የሚከተሉት ይታያሉ፦

- የጎማ ንፋስ፦ ጎማው ሳይሞቅ ይለካል። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ የሾክ ድርቀት ሊመስል ይችላል።
- የዘይት ፍሳሽ፦ ከፊት ሾክ የሚወርድ ዘይት የፍሬን ዲስክና ሸራ ላይ ከደረሰ ፍሬን አይዝም፤ ስለዚህ ሳይጠገን መንዳት አደገኛ ነው።
- ኩሽኔታዎች፦ የመሪው ወይም የኋላው ክንድ ኩሽኔታ ሲላላ ሞተርሳይክሉ ይወዛወዛል።
- የፊት ሾክ ዘይት፦ ዘይት ሲያረጅ ተቃውሞው ይቀንሳል። በሁለቱም በኩል ያለው መጠን አምራቹ ያዘዘው መሆን አለበት።

ስምጠትን መለካት

ስምጠት ሾኩ በክብደት ምክንያት ከሙሉ ርዝመቱ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል የሚገልጽ ልኬት ነው። የኋላውን ለመለካት ከጎማው አክስል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ አንድ ምልክት ድረስ ያለው ርቀት ሦስት ጊዜ ይለካል፦

1. ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ (ሀ)
2. ሞተርሳይክሉ ያለ ነጂ በጎማው ሲቆም (ለ)
3. ነጂው ሙሉ ልብሱንና ሄልሜቱን አድርጎ፣ እግሩን መርገጫው ላይ አሳርፎ ሲቀመጥ (ሐ)

በሦስተኛው ጊዜ አንድ ሰው ሞተርሳይክሉን ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ይለካል። ሀ ሲቀነስ ለ የባዶ ስምጠት፣ ሀ ሲቀነስ ሐ ደግሞ የነጂ ስምጠት ይባላል። ለምሳሌ ሀ 600፣ ለ 585፣ ሐ ደግሞ 546 ሚሊ ሜትር ቢሆን የባዶ ስምጠቱ 15፣ የነጂ ስምጠቱ 54 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማው የእንቅስቃሴ ርዝመት 180 ሚሊ ሜትር ከሆነ 54 ሚሊ ሜትር 30 በመቶ ማለት ነው። የአምራቹ መመሪያ ሌላ ቁጥር ካልሰጠ የነጂ ስምጠት ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 33 በመቶ ባለው ውስጥ እንዲሆን ይደረጋል።

ስምጠት የሚያስፈልገው ለጉብታ ብቻ አይደለም። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ወርዶ መሬቱን መከተል አለበት፤ ጭራሽ ስምጠት የሌለው ሾክ ግን የሚዘረጋበት ቦታ የለውም።

የሞላ ቅድመ ጫና

ስምጠት የሚስተካከለው የሞላውን መያዣ ቀለበት በማጥበቅ ወይም በማላላት ነው። ቀለበቱን ማጥበቅ ሞላውን ያጠነክረዋል የሚለው አስተሳሰብ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ 50 ኒውተን የሚፈልግ ወጥ ሞላ፣ ቀለበቱ ከጠበቀም በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሚሊ ሜትር የሚፈልገው ያንኑ 50 ኒውተን ነው። የሚለወጠው ሞተርሳይክሉ የሚቆምበት ከፍታ ነው።

ሞላው ለነጂው ተስማሚ መሆኑ የሚታወቀው ሁለቱን ስምጠቶች በማነጻጸር ነው። የነጂው ስምጠት ተስተካክሎ የባዶው ስምጠት ዜሮ ከሆነ ሞላው ለክብደቱ ለስላሳ ነው። የባዶው ስምጠት ከመጠን በላይ ከሆነ ደግሞ ሞላው ጠንካራ ነው። በሁለቱም ጊዜ መፍትሔው ሞላውን መቀየር ነው።

የዘይት ተቃውሞ

የሚስተካከሉ ሾኮች ሁለት ዓይነት መቆጣጠሪያ ሊኖራቸው ይችላል። የመጨመቅ ተቃውሞ ሾኩ ሲታጠፍ፣ የመመለስ ተቃውሞ ደግሞ ሾኩ ሲዘረጋ የሚሠራ ነው። ብሎኑ በካቻቪቴ ቀስ ተብሎ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሲዞር የሚሰማው "ጠቅ" እየተቆጠረ ይመዘገባል።

በኮረኮንች ላይ ትልቁን ችግር የሚያመጣው ከመጠን በላይ የጠበቀ የመመለስ ተቃውሞ ነው። በተሽከርካሪ ብዛት የተፈጠሩ ተከታታይ ሞገዶች በየ0.7 ሜትሩ ቢደረደሩ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጎማ በሴኮንድ 16 ጊዜ ያህል ይመታል። በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያንሳል። ሾኩ በዚህ ጊዜ ውስጥ በበቂ ሁኔታ ካልተዘረጋ ቀጣዩ ምት በታጠፈበት ያገኘዋል። እንዲህ እየተደራረበ ሾኩ ቁልቁል ይወርድና እንደ ደረቅ ብረት ይሆናል። ነጂው ይህን ሞላው የጠነከረ መስሎት ሌላውን ነገር ሊያላላ ይችላል፤ ትክክለኛው እርምጃ ግን የመመለስ ተቃውሞውን አንድ ወይም ሁለት ጠቅ ማላላት ነው።

ምልክቶችና እርምጃዎች

- የኋላው ከጉብታ በኋላ ነጂውን ወደ ላይ ይወረውራል፦ የኋላውን የመመለስ ተቃውሞ መጨመር።
- የመጀመሪያው ጉብታ ለስላሳ፣ ቀጣዮቹ ደረቅ ናቸው፦ የመመለስ ተቃውሞን መቀነስ።
- ትናንሽ ጠጠሮች ሳይቀሩ እጅ ላይ ይሰማሉ፦ የፊቱን የመጨመቅ ተቃውሞ መቀነስ።
- ሾኩ ትልቅ ጉድጓድ ላይ መጨረሻው ድረስ ታጥፎ ይመታል፦ ስምጠቱን መለካት፣ ቀጥሎ የመጨመቅ ተቃውሞን መጨመር።
- መሪው ይቀላል፣ የፊት መብራቱ ወደ ላይ ያበራል፦ የኋላው በጭነት ዝቅ ብሏል፤ ቅድመ ጫናውን መጨመር።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ ከዚያ በዚያው መንገድና በተመሳሳይ ፍጥነት ይሞከራል። የመነሻው ቁጥር ካልተጻፈ ወደ ነበረበት መመለስ አይቻልም።

አነስተኛ ሞተርሳይክሎች

በኢትዮጵያ ለሥራና ለሰው ማመላለሻ የሚያገለግሉት ብዙዎቹ ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ ሞተርሳይክሎች ሁለት የኋላ ሾክ አላቸው። በእነዚህ ላይ በአብዛኛው ማስተካከል የሚቻለው በደረጃ የሚዞረውን የሞላ ቀለበት ብቻ ነው። የግራና የቀኙ ደረጃ እኩል መሆን አለበት። ሰው ወይም እህል ሲጫን ቀለበቱ ወደ ከፍተኛው ደረጃ ይዞራል፣ ጭነቱ ሲወርድም ይመለሳል። በከፍተኛው ደረጃ እንደተተወ ባዶውን የሚነዳ ሞተርሳይክል የኋላ ጎማው ኮረኮንች ላይ ይዘላል፣ ፍሬን ሲያዝም በቀላሉ ይንሸራተታል። ይሁን እንጂ ቀለበቱን ከፍ ማድረግ አምራቹ የወሰነውን የጭነት ልክ አይጨምርም።

ጥንቃቄ

በጋዝ የተሞሉ የኋላ ሾኮች ውስጣቸው ከፍተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጅን ስላለ ያለ ልዩ መሣሪያ መፍታት፣ መብሳት ወይም ማሞቅ ለሕይወት ያሰጋል። የተጨመቀ ሞላም ሲፈታ ሊፈናጠር ስለሚችል በሞላ መጭመቂያ መያዝ አለበት።

የአየር ማስተንፈሻ ብሎን ያላቸው የፊት ሾኮች ከቆላ ወደ ደጋ፣ ለምሳሌ ከአዋሽ ሸለቆ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ፣ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በመጠኑ ይጠነክራሉ። የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ ብሎኑ ለአፍታ ሲከፈት ግፊቱ ይስተካከላል።