የአደባባይ መድረክ መብራት አጠባበቅ (ምዕራብ ሸዋ)

የአደባባይ መድረክ መብራት አጠባበቅ በስታዲየም፣ በሜዳና በድንኳን ለሚቀርቡ ዝግጅቶች የሚሰቀሉ ፓውዛዎችን፣ የኤልኢዲ መብራቶችንና ኬብሎቻቸውን ከውኃ፣ ከአቧራና ከኃይል መዋዠቅ የመጠበቅና የመጠገን ሥራ ነው። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በሆለታና በጌዶ ሥራውን የሚያከብዱት የቦታው ከፍታ፣ ጥቁር አፈሩና ብዙ በዓላት በክረምት መውጫ መዋላቸው ነው።

ታሪክ

ኤሌክትሪክ ከመስፋፋቱ በፊት የምሽት ድግስ በማሾ ይደምቅ ነበር።

እርጥበት

እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና ኢሬቻ ሲከበሩ ሜዳው ገና ጭቃ፣ ሌሊቱም ጤዛማ ነው። ሆኖም ከባዱ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ይመስላል። መብራቱ ሲሠራ በውስጡ ያለው አየር ሞቆ ይሰፋና በቀዳዳው ይወጣል፤ ሲጠፋ ይቀዘቅዝና የሌሊቱን እርጥብ አየር ይስባል። ጠዋት ከሌንሱ ጀርባ የሚታየው ላቦት ከዚህ የመጣ ነው። ሲደጋገም የሰርኪዩት ቦርዱ መዳብ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። መብራትን በላስቲክ ጠቅልሎ ማሰር የተለመደ ቢሆንም ሙቀቱን ያፍናል፣ ላቦቱንም ያቆየዋል፤ የሚሻለው ከላይ የሚሸፍን፣ ከታች ክፍት የሆነ ሸራ ነው። «አይፒ 65» የሚል ምልክት ያለው መብራት አቧራ አያስገባም፣ የሚረጭ ውኃንም ይቋቋማል። ይህ ግን የጎማ ማሸጊያው ደኅና እስከሆነ ድረስ ነው፤ ለጥገና ተከፍቶ ጎማው ተጣሞ ከተዘጋ ምልክቱ ዋጋ የለውም። ኬብሉ ወደ መብራቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንዲረግብ ይደረጋል፤ ውኃው ወደ መሰኪያው ሳይደርስ ከእጥፋቱ ይንጠባጠባል።

ኃይልና ኧርዝ

የአገሪቱ ቮልቴጅ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220፣ በፌዞች መካከል 380 ነው። ኒውትራል ሲላላ ወይም ሲበጠስ ጭነት ያነሰበት ፌዝ ላይ ያሉ መብራቶች ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊያገኛቸው ይችላል፤ በአንድ ቅጽበት ብዙ መብራት የሚቃጠለው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ስለዚህ ጄኔሬተር ሲገናኝ ኧርዝና ኒውትራል ቀድመው ይታሰራሉ፣ ሲነቀልም መጨረሻ ይፈታሉ።

በጊንጪ አካባቢ በስፋት የሚገኘው መረሬ የተባለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በጥር የተቸከለ የኧርዝ ብረት ዙሪያውን አፈሩ ሸሽቶት ከመሬት ጋር በደንብ ላይነካካ ይችላል፤ በብረቱ ዙሪያ ውኃ ማጠጣትና አፈሩን መጠቅጠቅ ይረዳል። በክረምት ደግሞ ይኸው አፈር ከመብራት ማማው ሥር ስለሚሰምጥ ሰፊ ጣውላ ይነጠፍበታል።

ከፍታ

አምቦ 2100 ሜትር፣ ሆለታ 2400 ሜትር ገደማ ከባሕር ጠለል ከፍ ይላሉ። ብዙ አምራቾች ለመሣሪያዎቻቸው የሚያስቀምጡት ጣሪያ 2000 ሜትር ነው። አየሩ በአምቦ ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ፋን ሙቀትን በሚገባ አያስወግድም፤ አቧራ የያዘው ፋን እዚህ ቶሎ መጽዳት አለበት።

እንክብካቤ

የሃሎጅን አምፖል በባዶ እጅ አይነካም። መብራት ሳይደርቅ ሣጥን ውስጥ አይገባም።

በጀት ለጠበበው የከተማ ባህል አዳራሽ ከተጨማሪ መብራት በፊት የሚገዛው ወደ መሬት የሚፈስ ኤሌክትሪክ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ የሚቆርጥ ብሬከር ነው፤ ከዕቃው በላይ በእርጥብ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚሠራውን ሰው ያድናልና።