አቃቂ ላይ ምን ይታጨዳል?

ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ባለሞተር ማጨጃ ሊገዛ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ጉልበቱ ነው፤ ሞተሩ ስንት ሲሲ ነው፣ ቁጥቋጦ ይቆርጣል ወይስ ሳር ብቻ? ጥያቄው ተገቢ ነው። የናይለን ክር ለለስላሳ ሳር ይበቃል፤ ባለሦስት ጥርሱ ብረት ለጠነከረ አረምና ለቀጭን ቁጥቋጦ፣ የመጋዝ ጥርስ ያለው ክቡ ደግሞ ለግንድ ነው። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባውን የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ያለፈ መቶ ዓመት ለተመለከተ ሰው ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ተክሉ ሲቆረጥ ምን ያደርጋል? በዚህ አካባቢ ምንጠራ ሲከሽፍ ምክንያቱ የስለት መዶልዶም ሳይሆን የዚህ ጥያቄ መዘለል ነው ብዬ አምናለሁ።

የአቃቂ ሜዳ ጥቁር ኮትቻ ነው። ክረምት ውኃ ቋጥሮ ይጨቀያል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። ገበሬው ጤፉን በክረምቱ መካከል፣ ሽምብራውን ዝናቡ ሊያባራ ሲል በቀሪው እርጥበት ይዘራል፤ ውኃ የሚተኛበትን ረባዳ ግን ለሳር ይተዋል። ያ ሳር ሀብት ነበር። መስከረም ካለፈ በኋላ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆንና በሬውን፣ ላሟንና የጋሪውን ፈረስ በጋውን ያሻግራል። አጨዳው በማጭድ ነው። አጫጁ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ አንድ ጭብጥ ሳር ይይዛል፤ በቀኙ ስለቱን ወደ ራሱ ስቦ ይቆርጥና ጭብጡን ከጎኑ ያጋድማል። እኔን የሚስበኝ ታዲያ ከማጭዱ ይልቅ ግራ እጁ ነው። የሚቆረጠው ሁሉ አስቀድሞ በመዳፍ ያልፋል፤ እሾሁ፣ አሜኬላው፣ ከብት የማይበላው ሁሉ ሳይታይ አያልፍም። የሳር ማደጊያ ደግሞ ከመሬት አጠገብ ስለሆነ ላዩ ቢቆረጥ አይሞትም፤ ለሚቀጥለው ክረምት መልሶ ያቆጠቁጣል። ማጭዱ ከተክሉ ጠባይ ጋር የተስማማ መሣሪያ ነበር ማለት ነው።

ባሕር ዛፍ ሲመጣ ሌላ ጠባይ መጣ። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ የገባው ይህ ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ለአጣና ሻጭ ይህ በረከት ነው፤ ቦታውን ሊያጸዳ ለፈለገ ግን መጥረቢያው ያበዛለት እንጂ የቀነሰለት ነገር የለም። ጉቶውን ካልነቀለ መመንጠሩ አላለቀም።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው አባ ሳሙኤል ላይ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገናኙበት ይህ ግድብ የአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሥራ አቁሞ ለአሥርተ ዓመታት ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 ዳግም ተመርቋል። በነዚያ ዓመታት ሐይቁ በደለል ተሞልቷል፤ በላዩም እምቦጭ ተንጣልሎበታል። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ከታየ ወዲህ የአገሪቱን ውኃዎች ሲያዳርስ የኖረ አረም ነው። ተስማሚ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ቁራጩ ነው። ተቆርጦ ውኃው ላይ የቀረ ብጣሽ ተንሳፍፎ ሄዶ ሌላ ቦታ ሥር ይሰዳል። ስለዚህ ስለቱ ኃይለኛ በሆነ መጠን፣ የተቆረጠው ተለቅሞ ከውኃው ካልወጣ በቀር፣ አረሙን የሚያዳርሰው አጫጁ ራሱ ነው።

ከማሽን ውጭ ምን አማራጭ አለ የሚል ይኖራል። ማጭድ ወገብ ይሰብራል፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ድካምም በገንዘብ ሲተመን ርካሽ ሆኖ ኖሯል። ይህን ተቃውሞ ከልቤ እቀበለዋለሁ። ለመንገድ ዳርና ለፋብሪካ አጥር ሥር ሞተሩ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ወደ ማጭድ እንመለስ የሚል ክርክርም የለኝም። ግን የግራ እጁን ሥራ ሞተሩ አይሠራውም። ቅንጨ አረም፣ ማለትም ፓርቴኒየም፣ ለዚህ ምስክር ነው፤ አንድ ተክል ብቻውን በሺህ የሚቆጠር ዘር ያፈራል። ዘሩን ከያዘ በኋላ በሞተር ከተመታ ይበተናል፣ ብናኙም ቆዳና መተንፈሻ ያስቆጣል። ከማበቡ በፊት ጓንት ተደርጎ መነቀል አለበት። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ቦታውን ዞሮ የሚያይ ሰው መቅጠር ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ለውኃ አረም የተሠሩ ማጨጃ ጀልባዎች አሉ፣ ቆርጠውም ይሰበስባሉ፣ ታዲያ ችግሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም ወይ? ጣና ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ ሲስፋፋ ማሽኖች ገብተዋል፤ ይሁንና ጥልቀት በሌለውና ጭቃማ በሆነው ዳርቻ አላመቻቸውም፤ ብዙው ሥራ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ በገባ ገበሬ እጅ ላይ ወድቋል። አባ ሳሙኤል ደግሞ ደለል የሞላው፣ ከጣና እጅግ ያነሰ ውኃ ነው። ከዚህም በላይ እምቦጩን የሚመግበው ከተማው ራሱ ነው። የሚሊዮኖች ፍሳሽ፣ የፋብሪካ እጣቢና የማዳበሪያ ቅሪት በሁለቱ ወንዞች ወርዶ እዚያ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2018 ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛል፤ ብዙ ቤቶች ግን ገና ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኙም። ስለዚህ ማሽን ይገዛ የሚለውን አልቃወምም፤ የምቃወመው ብቻውን መገዛቱን ነው። አባ ሳሙኤል ላይ ስንት ሄክታር ተመነጠረ ተብሎ ሪፖርት ሲቀርብ፣ በዚያው ዓመት ስንት ቤት ከመስመሩ ጋር እንደተገናኘ የሚያሳየው ቁጥርም በዚያው ገጽ ላይ ሊሰፍር ይገባል።