የአያቶቻችን ቤት ፍራሽ

የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ስለ ግብዓትና ስለ ምርት ብዙ እንደሚጻፍ አምናለሁ። እኔ ግን ለሥራ ከጎጥ ጎጥ ስዘዋወር በየማሳው ዳር ስለማያቸው የቤት ፍራሾች ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

ስለ ታላላቆቹ ሕንፃዎች የሚነገረው ብዙ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ በደሴ አለ። ከአፄ ገላውዴዎስ ስም ጋር የሚነሳው ተድባበ ማርያም በሳይንት አለ። መቅደላም አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር እንዳቃጠለው ሁላችንም እንሰማለን። የገበሬው ቤት ግን ዜና መዋዕል የጻፈለት የለም። ታሪኩ የሚነበበው ከድንጋዩና ከአፈሩ ነው።

በመካነ ሰላም ዙሪያና በአጎራባች ወረዳዎች ደጋ ላይ ክብ ካብ ያጋጥማል። ጠጋ ብሎ ላየው የበሩ ክፍተት፣ የመደቡ ከፍታ፣ አልፎ አልፎም ከብቱ ያድርበት የነበረው የግርግሙ ወገን ይለያል። ክዳኑ ሣር ወይም ጓሳ ስለነበረ አይገኝም። ምሰሶው ወይም የበሩ መቃን ከተረፈ ግን እንጨቱን ማየት ይጠቅማል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ስለሆነ፣ ወደ ደጋው ገጠር እስኪዳረስም ጊዜ ስለወሰደ፣ ሙሉ በሙሉ በወይራና በጽድ የቆመ ቤት ዕድሜው ገፋ ያለ ሊሆን ይችላል። እርግጥ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጫካ የቀረበው ሰው ኋላም በጽድ ሠርቷልና።

ለእኛ ለግብርና ሰዎች ከሁሉ የሚያስደንቀው አፈሩ ነው። በፍራሹ ላይ የተዘራ ገብስ ከሌላው ማሳ ተለይቶ ጠቁሮ ይታያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አመዱ፣ ፍጉ፣ የጓዳው ጥራጊ ለብዙ ዓመታት እዚያው ሲከማች ኖሯል። ቤቱ ከፈረሰ ከስንት ዘመን በኋላም አያቶቻችን ያዳበሩት መሬት ያበላል ማለት ነው። ስለ ኮምፖስት ሳስተምር ከማንኛውም ፖስተር ይልቅ የምጠቅሰው ይህንን ነው።

ቀድሞ ፍራሽ ትልቅ ጉዳይ ነበር። በርስት ሥርዓት መሬት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት በሚቆጠር ዘር ስለነበር፣ የእገሌ ቤት እዚህ ነበር ማለት በሙግት ምስክርነት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህንን አስቀረው። ከዚያ ወዲህ ፍራሹን መቁጠር ጥቅም የሌለው መሰለ፤ ልጆችም የማን እንደሆነ መጠየቅ ተዉ።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ፍራሽ ተጨመረ። ከድርቁ በኋላ በተካሄደው ሰፈራ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ መተከልና ጋምቤላ ሲወሰድ አብዛኛው ከወሎ ነበር። የእነዚያ ሰዎች ልጆች አንዳንድ ጊዜ የወላጆቻቸውን ቤት ፍለጋ ይመጣሉ። አንድ ጎልማሳ ከወለጋ መጥተው፣ እናታቸው በነገሯቸው ምልክት፣ ከምንጩ በላይ በሩ ወደ ምሥራቅ የሆነ ብለው፣ ካቡን ያለ መሪ አገኙት። የይዞታው ባለቤት መጀመሪያ መሬት ሊጠይቁ የመጡ መስሏቸው ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። እንግዳው የፈለጉት ግን በመደቡ ላይ ትንሽ መቀመጥ ነው። ኋላ አብረው ቡና ጠጡ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በተፋሰስ ልማት ሥራ ድንጋይ ሲፈለግ ቅርብ የሚገኘው ፍራሹ ነው። እርከኑ አስፈላጊ ነው፤ ያንን የምሰብክ እኔው ነኝ። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በቁፋሮም ሆነ በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ደንግጓል። እያንዳንዱ ካብ ቅርስ ነው አልልም። ድንጋዩ ከመነሳቱ በፊት ግን የጎጡ ሽማግሌዎች ተጠይቀው የማን ቤት እንደነበር፣ ስፋቱና የበሩ አቅጣጫ በአንድ ደብተር ቢሰፍር ለቀበሌው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጸሐፊዎች መዝገብ መያዝ የለመዱ በመሆናቸው ይህንን ለመጀመር ከማንም ይቀርባሉ።

በአንድ ጎጥ የተፋሰስ ኮሚቴው ከአባቶች ጋር መክሮ እርከኑን በካቡ ዙሪያ አዙሮታል። በመሀሉ ጌሾ ተተክሏል፤ በደንብ ይዟል።