የቆመ መኪና ባትሪ፦ ከስታራቼ ካሚዮን እስከ ትንሿ ሶላር

መኪና በብዛት ጎንደር የገባው በጦርነት ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስቱ አኪሌ ስታራቼ በካሚዮን የተጫነ ጦሩን ይዞ ከተማዋን ያዘ። ከደባርቅ ቁልቁል የሚጠመዘዘውን የሊማሊሞን መንገድ ያስቆረጡትም ጣሊያኖች ናቸው።

ያን ጊዜ ባትሪ ቢደክም በእጅ የሚዞር ማኖቬላ ነበር። ዛሬ የለም። መኪናችን ያለ ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ አይነሳም፤ የባትሪው ጠላት ደግሞ መቆም ነው። ሳይሠራ ሲቀመጥ በራሱ ይወርዳል። ከ12.4 ቮልት በታች ብዙ ከቆየ ፕሌቶቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም እንደ ድሮው አይሆንም። የደባርቅና የዳባት ብርድ የተረፈችውን ጉልበትም ይቀንሳታል።

ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ መንገድ በተዘጋና ነዳጅ በጠፋ ቁጥር ባጃጁም፣ ሚኒባሱም፣ አምቡላንሱም ይቆማል። መንገዱ በተከፈተ ቀን አልነሳ ያለ አምቡላንስ ምጥ ለያዛት እናት ያው የተዘጋ መንገድ ነው።

ከ5 እስከ 10 ዋት ያላት ትንሽ ሶላር ለዚህ ትበቃለች። ተአምር አትሠራም፤ የሞተ ባትሪ አታስነሳም፣ በክረምት ደመናም ትሰንፋለች። የምትችለው በየቀኑ የሚባክነውን መተካት ነው። ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላ መቆጣጠሪያ ይግባላት እንጂ ሌላ ጣጣ የላትም። በገጠራችን ኩራዝ ያስጣለው ሶላር ነው፤ ታዲያ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ጣሪያ ላይ እስካሁን ለምን አልወጣም?