የአፍጋኒስታን የሴት ልጆች ሮቦቲክስ ቡድን

የአፍጋኒስታን የሴት ልጆች ሮቦቲክስ ቡድን፣ በሌላ ስሙ «የአፍጋን ህልመኞች»፣ በምዕራብ አፍጋኒስታን በምትገኘው በሄራት ከተማ በ2009 ዓ.ም. (2017 እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ የተማሪዎች ቡድን ነው። አባላቱ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ቡድኑ በመጀመሪያ በዓለም ዘንድ የታወቀው በአሜሪካ ለተካሄደ የሮቦት ውድድር ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከልክሎ በመጨረሻ በመፈቀዱ ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ከአሮጌ የመኪናና የሞተር ብስክሌት ዕቃዎች አነስተኛ ዋጋ ያለው የመተንፈሻ መሣሪያ (ቬንትሌተር) ሠርቷል። ታሊባን በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ብዙዎቹ አባላት አገራቸውን ለቀው ወጥተዋል።

አመሠራረት

ቡድኑን ያቋቋመችው ሮያ ማህቡብ የተባለች አፍጋኒስታናዊት የቴክኖሎጂ ሥራ ፈጣሪ ናት። ማህቡብ በ2010 እ.ኤ.አ. በሄራት የሶፍትዌር ድርጅት በመክፈት በአገሯ የቴክኖሎጂ ድርጅት ከመሩ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆናለች። ታይም መጽሔትም በ2013 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ተጽዕኖ ካሳደሩ 100 ሰዎች መካከል መድቧታል። ኋላም «ዲጂታል ሲቲዝን ፈንድ» የተባለ ግብረ ሠናይ ድርጅት በማቋቋም ለሴት ልጆች የኮምፒውተርና የኢንተርኔት ትምህርት የሚሰጡ ማዕከላትን ከፈተች። የሮቦቲክስ ቡድኑም የተወለደው ከዚሁ ሥራ ነው።

በመጀመሪያው የታሊባን አገዛዝ (ከ1996 እስከ 2001 እ.ኤ.አ.) ሴት ልጆች ትምህርት ቤት እንዳይሄዱ ተከልክለው ነበር። የቡድኑ አባላት ያደጉት ከዚያ አገዛዝ መውደቅ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና በተከፈቱበት ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ሴት ልጅ ከመኪና ሞተርና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር መሥራቷ ያልተለመደ ነገር ነበር። ከአባላቱ መካከል ሶማያ ፋሩቂ ስለ ማሽን የተማረችው አባቷ በሚሠራበት ጋራዥ እንደሆነ ተናግራለች።

የዋሽንግተኑ ውድድር

ፈርስት ግሎባል የተባለው ዓለም አቀፍ የሮቦት ውድድር በሴግዌይ ፈጠራው በሚታወቀው አሜሪካዊው ዲን ካመን አነሳሽነት የተጀመረ ነው። የመጀመሪያው ውድድር ከሐምሌ 9 እስከ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. (ከጁላይ 16 እስከ 18 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.) በዋሽንግተን ዲሲ ተካሄደ። ከ150 በላይ አገሮች ቡድን ልከዋል። የውድድሩ ርእስ ንጹሕ ውኃ ነበር። ሰማያዊ ኳሶች ንጹሕ ውኃን፣ ብርቱካናማ ኳሶች ደግሞ ብክለትን ይወክላሉ፤ ሮቦቶቹ ኳሶቹን ለይተው በየቦታቸው ማስገባት ነበረባቸው። የእያንዳንዱ ግጥሚያ ጎራ የሦስት አገሮችን ቡድኖች ያጣምር ስለነበር ተወዳዳሪዎቹ እርስ በርስ መተባበርም ይጠበቅባቸው ነበር።

የአፍጋኒስታን ቡድን ወደዚህ ውድድር ለመድረስ ሁለት መሰናክሎች ገጠሙት። የመጀመሪያው የዕቃ ነው። ለሁሉም አገሮች የተላከው የሮቦት መሥሪያ ዕቃ አፍጋኒስታን ሲደርስ በጉምሩክ ተያዘ። በወቅቱ ታጣቂ ቡድኖች ሮቦቶችንና ሰው አልባ አውሮፕላኖችን ለጥቃት እንዳይጠቀሙ ስጋት ነበር። ስለዚህ ሌሎቹ ቡድኖች ለወራት ሲዘጋጁ የሄራት ተማሪዎች በቤት ውስጥ ከሚገኝ ቁሳቁስ ተንቀሳቃሽ ነገሮችን እየሠሩ ይለማመዱ ነበር። ትክክለኛው ዕቃ የደረሳቸው ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው።

ሁለተኛው የቪዛ ጉዳይ ነው። ለቪዛ ቃለ መጠይቅ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ካቡል መሄድ ነበረባቸው። ጊዜው አደገኛ ነበር፤ ግንቦት 23 ቀን 2009 ዓ.ም. በካቡል የኤምባሲዎች ሠፈር የፈነዳ በጭነት መኪና የተጠመደ ቦምብ ከ150 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ተማሪዎቹ ጉዞውን ሁለት ጊዜ ቢያደርጉም ሁለቱንም ጊዜ ቪዛው ተከለከለ። ሮቦቱ ብቻ እንዲላክና እነርሱ ውድድሩን ከአገራቸው ሆነው በቪዲዮ እንዲመለከቱ ታስቦም ነበር። ዜናው በዓለም መገናኛ ብዙኃን ከተሰራጨ በኋላ የወቅቱ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጣልቃ ገብተው ስድስቱ ተማሪዎች በልዩ ፈቃድ ለአጭር ጊዜ እንዲገቡ ተደረገ። የጋምቢያ ቡድንም በመጀመሪያ ቪዛ ተከልክሎ ኋላ ተፈቅዶለታል።

ቡድኑ በውድድሩ ፍጻሜ ለጽናት የሚሰጠውን የብር ሜዳሊያ ተሸለመ። በዚሁ ዘርፍ የወርቁን ሜዳሊያ የደቡብ ሱዳን ቡድን፣ የነሐሱን ደግሞ የኦማን ቡድን ወስደዋል።

ከውድድሩ በኋላ

ተማሪዎቹ ወደ ሄራት ሲመለሱ በደስታ ተቀበሏቸው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሐምሌ 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በሄራት በአንድ የሺዓ መስጊድ ላይ በደረሰ ጥቃት የቡድኑ አለቃ የፋጢማ ቃዴርያን አባት ከተገደሉት አንዱ ሆኑ። ይህም ቡድኑን አላፈረሰውም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. አባላቱ ወደ ኢስቶኒያ ተጉዘው በአውሮፓ ታላላቅ ከሚባሉት የሮቦት በዓላት አንዱ በሆነው በሮቦቴክስ የሥራ ፈጠራ ዘርፍ አሸንፈዋል። ያቀረቡት ሮቦት በፀሐይ ኃይል የሚሠራና አነስተኛ ማሳ ያላቸውን ገበሬዎች ለመርዳት የታሰበ ነበር።

በዋሽንግተን የተወዳደሩበት ሮቦት ለጨዋታ የተሠራ ነበር፤ የኢስቶኒያው ግን መነሻው በአገራቸው ያለ ችግር ነው። ቡድኑ በኋላ የተከተለው መንገድም ይኸው ነው።

የመተንፈሻ መሣሪያው

በአፍጋኒስታን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው በየካቲት 2012 ዓ.ም. በሄራት ነው። ከተማዋ የኢራን ጎረቤት ስትሆን በዚያን ጊዜ ኢራን ወረርሽኙ ከጠናባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። በሺዎች የሚቆጠሩ አፍጋኒስታናውያን ሠራተኞችም ድንበሩን አቋርጠው ይመለሱ ነበር። ከ30 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር የነበሩት የመተንፈሻ መሣሪያዎች ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። በዓለም ገበያ የአንዱ ዋጋ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይገመት ነበር፤ ገንዘብ ቢገኝም ሀብታም አገሮች ቀድመው ስለሚሻሙት መሣሪያው አይገኝም ነበር። የሄራት አስተዳዳሪ የአካባቢው ሰዎች መፍትሔ እንዲፈልጉ ጥሪ ሲያደርጉ ቡድኑ ሥራውን ጀመረ።

ተማሪዎቹ መነሻ ያደረጉት የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) ለማንም በነጻ ያወጣውን ንድፍ ነው። ይህ ንድፍ ራሱ የተማሪዎች ሥራ ነበር፤ መጀመሪያ የተጠነሰሰው በ2010 እ.ኤ.አ. በተቋሙ የሕክምና መሣሪያ ንድፍ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ሲሆን ወረርሽኙ ሲመጣ እንደገና ተነሥቶ ተሻሻለ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በአምቡላንስና በድንገተኛ ክፍል መተንፈስ ላቃተው ሰው በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ የጎማ ከረጢት አለ። ከረጢቱ ርካሽና በየሆስፒታሉ የሚገኝ ቢሆንም አንድ ነርስ ለሰዓታት ሳያቋርጥ ሊጨምቀው አይችልም። ንድፉ የነርሷን እጅ በማሽን ይተካል፤ ሞተር ሁለት ክንዶችን እያንቀሳቀሰ ከረጢቱን ይጨምቃል፣ ይለቃል። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚጨመቅና በእያንዳንዱ ትንፋሽ ምን ያህል አየር እንደሚገባ በትንሽ ኮምፒውተር ይወሰናል። የአየሩ ግፊት ከመጠን ካለፈ ሳንባን ስለሚጎዳ ግፊቱን የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል።

የሄራት ተማሪዎች ሞተሩን ያገኙት ከቶዮታ ኮሮላ የዝናብ መጥረጊያ ነው። ይህ ምርጫ ያለ ምክንያት አይደለም። የዝናብ መጥረጊያ ሞተር በመኪና ባትሪ ይሠራል፣ ዝግ ብሎ ግን በኃይል ይዞራል፣ ለረጅም ሰዓት ሳይቆም እንዲሠራም የተዘጋጀ ነው። ኮሮላ በአፍጋኒስታን መንገዶች እጅግ የተለመደ መኪና ስለሆነ ዕቃው በየገበያው ይገኛል። ኃይል ለማስተላለፍ ደግሞ የሆንዳ ሞተር ብስክሌት ካቴና ተጠቅመዋል። በዚያ ወቅት ከተማዋ በእንቅስቃሴ ገደብ ሥር ስለነበረች ተማሪዎቹ ወደ ሥራ ቦታቸው የሚደርሱት በዋና መንገዶች ያሉትን ኬላዎች በሚያልፉ የውስጥ መንገዶች ነበር።

መሣሪያው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀረበ። ለመሸከም የቀለለ ሲሆን በባትሪ ለ10 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ለመሥራት የፈጀው ወጪ 700 ዶላር ገደማ ነበር።

የመሣሪያው ገደብም ሊታወቅ ይገባል። በሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገኘው የተሟላ ቬንትሌተር በታማሚው አተነፋፈስ መሠረት ራሱን ያስተካክላል፤ ከረጢት የሚጨምቀው ማሽን ግን ሌላ አማራጭ በሌለበት የድንገተኛ ጊዜ መሣሪያ ነው። ከዚህም የተነሣ ለታማሚ ከመዋሉ በፊት በአገሪቱ የጤና ሚኒስቴር መፈተን ነበረበት።

የታሊባን መመለስና ስደት

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. (ኦገስት 2021 እ.ኤ.አ.) ሄራት፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ካቡል በታሊባን እጅ ወደቁ። በውድድርና በመገናኛ ብዙኃን ፊታቸው የታወቀ ተማሪዎች ለአደጋ ተጋለጡ። የኳታር መንግሥት የተወሰኑትን አባላት ከካቡል ወደ ዶሃ ወሰደ፤ በዚያም የትምህርት ዕድል ተሰጣቸው። ሌሎች አምስት አባላት ነሐሴ 18 ቀን ሜክሲኮ ሲቲ ገቡ። ከዚያ በኋላ የተወሰኑት ወደ ተለያዩ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ሄደው ምሕንድስናና ተዛማጅ ትምህርቶችን ቀጠሉ።

በአፍጋኒስታን የቀሩት ሴት ተማሪዎች ዕጣ ሌላ ሆነ። ከ6ኛ ክፍል በላይ ያሉ ሴት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት እንዳይመለሱ ተደረገ። መጋቢት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶቹ ይከፈታሉ ተብሎ ልጃገረዶች በር ላይ ከደረሱ በኋላ ውሳኔው ተሽሮ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሴቶች ከዩኒቨርሲቲ ታገዱ። በዚህም አፍጋኒስታን ሴት ልጆችን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በአዋጅ የምታግድ ብቸኛዋ የዓለም አገር ሆናለች። ስለዚህ ቡድኑ በተነሣበት ከተማ ሌላ ተመሳሳይ የሴት ተማሪዎች ቡድን በይፋ ሊቋቋም አይችልም።

ሶማያ ፋሩቂ በ2020 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ በየዓመቱ በሚያወጣው የ100 ሴቶች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። ከስደት በኋላም በተባበሩት መንግሥታት መድረክ የአፍጋኒስታን ሴት ልጆች ትምህርት እንዲከፈት በመጠየቅ ላይ ትገኛለች።

በፊልም

የቡድኑ ታሪክ «የአፍጋን ህልመኞች» በሚል ርእስ በዴቪድ ግሪንዋልድ በተዘጋጀ ዘጋቢ ፊልም ቀርቧል። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቢል ጉተንታግ የተዘጋጀውና «ሕግ ጣሾች» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የተሰጠው የትወና ፊልም በሲኒማ ቤቶች ታይቷል።

ፋይዳው

የቡድኑ ሥራዎች በቴክኒክ ረገድ ከዚህ በፊት ያልታወቀ ነገር አላመጡም፤ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ የሞተር ብስክሌት ካቴናና የመተንፈሻ ከረጢት ሁሉም ቀድመው የነበሩ ናቸው። የሥራው ዋጋ ያለው በእጅ ያለውን ዕቃ በአካባቢ ካለ ችግር ጋር በማገናኘቱ ነው። ቡድኑን በየጊዜው ያዘገየውም የዕውቀት ማነስ ሳይሆን ጉምሩክ፣ ቪዛ፣ ጦርነትና በመጨረሻም የትምህርት ቤት በር መዘጋት ነው። በ2012 ዓ.ም. መሣሪያውን የሠሩት ተማሪዎች ትምህርት ቤት ገብተው ፊዚክስና ኮምፒውተር የተማሩ ነበሩ፤ ከእነርሱ በኋላ ለመጡት የሄራት ልጃገረዶች ይህ ዕድል ከ6ኛ ክፍል ላይ ያበቃል።