የፕሮስቴት ካንሰር የጨረር ሕክምና፦ ከግምት ወደ ማየት



ሐይቅም ሆነ አምባሰል፣ አባቶቻችን የሽንት ነገር ለልጅ አያወሩም። ሌሊት አራት አምስቴ ሲነሱ «እርጅና ነው» ይላሉ፤ ውዱእ አልያዝ ሲላቸው ከጀማዓ ይቀራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ እንጂ ካንሰር አይደለም። ካንሰሩ ደግሞ ሲጀምር ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሁለቱን ለመለየት መመርመር ግድ ነው። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ከሕክምናዎቹ አንዱ ጨረር ነው።

ጀርመናዊው ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በ1951 ካናዳ ውስጥ በኮባልት-60 ማከም ሲጀመር ጨረሩ ሰውነት ውስጥ ጠልቆ ያለ ዕጢ ጋ መድረስ ቻለ። ችግሩ ማየት ነበር። ፕሮስቴት ከፊኛ በታች፣ ከፊንጢጣ ፊት ለፊት ያለ ዕጢ ነው፤ ፊኛ ሲሞላ ወይም አንጀት በአየር ሲነፋ ከቦታው ፈቀቅ ይላል። ሐኪሙ የዳሌ አጥንትን ምልክት አድርጎ ይገምታል፤ እንዳይስት ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ያጨርራል። ዳፋው ለፊኛና ለአንጀት ይተርፍ ነበር።

መፍትሔው የመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ዕጢው ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ያነሱ የወርቅ ምልክቶችን መቅበር ነው። ሌላው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዴቪድ ጃፍሬይና ባልደረቦቹ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ የሠሩት፣ ከጨረር ማሽኑ ጋር የተገጠመ ሲቲ ስካን ነው። (እዚህ ላይ ኢብኑል ሀይሠምን ጠቅሶ «ይሄም የኛ ነው» ማለት ተለምዷል። የእይታ ጥናቱ ትልቅ ነው፤ ማሽኑ ግን የሌሎች ሥራ ነው።)

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ፣ በኮባልት ማሽን፣ በ1997 ነው። ኮባልት በአምስት ዓመት ገደማ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ምንጩ ካልተቀየረ አንድ ሰው የሚታከምበት ደቂቃ ይረዝማል፤ ወረፋውም እንዲሁ። ከ20 ዓመት በላይ ለአገሩ ሁሉ ያለው ማዕከል ይኸው ብቻ ነበር። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደሴ አዲስ አበባ 400። ሕክምናው በተለመደው አሠራር በሳምንት አምስት ቀን ሆኖ እስከ ሰባትና ስምንት ሳምንት ይዘልቃል፤ ከውጫሌ የሄደ አባት ዘመድ ከሌለው ቤት መከራየት አለበት። ብዙዎችን ያስቀረው ይኸው የቤት ኪራይና የስንቅ ነገር ይመስለኛል።

አሁን በጥቁር አንበሳም፣ በጅማም ከኮባልት የተሻሉት ሊኒየር አክስለሬተሮች ገብተዋል። በምስል በሚመራው ሕክምና ታካሚው ውኃ ጠጥቶ፣ ፊኛው ሞልቶ፣ አንጀቱ ባዶ ሆኖ ይተኛል። መጀመሪያ ምስል ይነሳል፤ ዕጢው ፈቀቅ ካለ አልጋው በሚሊ ሜትር ይስተካከላል። ጨረሩ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ በማግስቱም ምስሉ እንደገና ይነሳል።