የመንፉሃ ዜና

በ2005 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ መጋቢት 28 ቀን የሳዑዲ ዓረቢያ ንጉሥ አብዱላህ ቢን አብዱልአዚዝ ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁም በአገራቸው ያለ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ሰው ሁሉ በሦስት ወር ውስጥ ወረቀቱን እንዲያስተካክል፣ ያልሆነለትም ያለ ቅጣት እንዲወጣ የሚያዝዝ ነበረ። ሦስቱ ወር ባለቀ ጊዜም ቀኑን እስከ ጥቅምት 24 አራዘሙለት።

የዐዋጁም ምክንያት ይህ ነው። በዚያች አገር 9 ሚሊዮን ያህል የውጭ ሰው ሲኖር ብዙ የአገሬው ወጣት ግን ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። እኔ ጸሐፊው ይህን አልነቅፍም፤ ወሰኑን የማይጠብቅ መንግሥት የለምና። ነገር ግን ሕገ ወጥ የተባለው ሰው በምን መንገድ ሕገ ወጥ እንደሆነ መጻፍ ይገባኛል።

በዚያ አገር ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛው መኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የሚሉት፣ በከፊሉ እጅ ነው፤ ከፊል ማለትም አሠሪው ነው። ከወሎ ወይም ከጅማ በኮንትራት የሄደች ልጅ ብዙ ጊዜ ገና ከቤቱ ስትደርስ ፓስፖርቷን ትቀማለች። ከዚያ መዳሟ፣ የቤቱ እመቤት ማለት ነው፣ ደመወዟን ትከለክላታለች፣ እንቅልፍ ትነሣታለች። ልጅቱም መሮአት በሌሊት በሩን ከፍታ ስትወጣ፣ ከፊሉ «ጠፍታብኛለች» ብሎ ያስመዘግባታል። ደጅ ከመሻገር በቀር ያደረገችው የለም፤ በማግሥቱ ግን ወንጀለኛ ሆና ትፈለጋለች። እንደ እርሷ ያሉትና ከጅቡቲ ጠረፍ ከኦቦክ በጀልባ ተነሥተው የየመንን በረሃ በእግር ያቋረጡት ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። በሪያድ ከተማ ከእነዚህ ሰፈሮች አንዱ መንፉሃ ይባላል።

በ2006 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ጥቅምት 25 ቀን፣ ቀነ ገደቡ ባለፈ ማግሥት፣ ፈቃድ የሌላቸውን የመያዝ አሰሳ ተጀመረ። ጥቅምት 30 ቀንም በመንፉሃ ታላቅ ሁከት ሆነ፤ ደምም ፈሰሰ። የኢትዮጵያ መንግሥት ሦስት ዜጎቹ እንደሞቱ አስታወቀ። ወሬው አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ሕዝብ ሊጮኽ ወደ ሳዑዲ ኤምባሲ ወጣ፤ የራሱ ፖሊስም በተነው። ይህን ስጽፍ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚህም በኋላ አውሮፕላኖች ሌት ከቀን ቦሌ ያርፉ ጀመር። ወራቱ ኅዳር ነበረና ብርዱ ይጋረፋል፤ ስስ ጥቁር አባያ የለበሱ ሴቶች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ከነጠላ ጫማ በቀር የያዙት የሌለ ወጣቶች ተሰልፈው ወረዱ። የሠሩበትን ደመወዝ ሳይቀበሉ የመጡ ብዙ ናቸው። በጥቂት ወራትም ከ160,000 የሚበልጥ ሰው ተመለሰ።

በዚያው ጥቅምት የእኛም መንግሥት ዜጋው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር እንዳይሄድ ከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 2010 ዓመተ ምሕረት ቆየ። ይህ ስሕተት ነበረ። በቦሌ የሚያስኬደው በር ሲዘጋ ገበያው ለደላላ ሆነ፤ ቤተሰብም በሬውን ሸጦ ልጁን በጨለማ ላከ።

በ2009 ዓመተ ምሕረት ሳዑዲዎች ሁለተኛ የምሕረት ዐዋጅ አወጁ፤ ሰውም ዳግመኛ በመቶ ሺህ ተቆጥሮ ተመለሰ። ስደቱ ግን አልቆመም፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 የየመን ጦርነት ገና እየነደደ ሳለ፣ ባሕሩን ተሻግሮ የመን የገባው ስደተኛ ከ138,000 በላይ ነበረ። የሚበዙትም ኢትዮጵያውያን ነበሩ።